ከአብሽ እስከ ኦሜፕራዞል፦ የጨጓራ ሕክምና በአቃቂ ቃሊቲ

የአዲስ አበባው ክፍለ ከተማ አቃቂ ቃሊቲ ያደገው በባቡር ሐዲድና በፋብሪካ ነው፤ የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ፣ በተለይም በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲተከልበት፣ በፈረቃ የሚገባና የሚወጣ ሠራተኛ በዝቶበታል። የምግብ ሰዓቱ የተዛባበት ሠራተኛ ቃር ሲነሣበት፣ ማለትም የጨጓራ አሲድ ወደ ምግብ ቧንቧ ሽቅብ ወጥቶ ደረቱን ሲያቃጥለው፣ መፍትሔው ከጓዳ ይመጣ ነበር። አብሽ ተፈጭቶ ውኃ ውስጥ ካደረ በኋላ መራራው ውኃ ከላይ ይደፋና ዝቃጩ አረፋ እስኪያወጣ ይመታል፤ ተልባም ተቆልቶና ተወቅጦ ይበጠበጣል። እነዚህ ለጊዜው ቢያስታግሱ እንጂ የጨጓራ ቁስለት አያድኑም፤ የሚታኘኩት የአሲድ ማርከሻ ክኒኖችም ከጥቂት ሰዓት አያልፉም።

እ.ኤ.አ. በ1976 የጨጓራ አሲድን የሚቀንሰው ሲሜቲዲን፣ በ1988 ደግሞ በጨጓራ ግድግዳ ላይ አሲድ የሚረጩትን ፓምፖች ራሳቸውን የሚያቆመው ኦሜፕራዞል ለገበያ በቃ። ይሁንና ከሁለቱም ይልቅ ሕክምናውን የለወጠው የአውስትራሊያውያኑ የሮቢን ዋረንና የባሪ ማርሻል ግኝት ነው፤ በርበሬና ጭንቀት ሲወቀሱበት የኖረው ቁስለት በአብዛኛው ኤች ፓይሎሪ በተባለ ባክቴሪያ፣ ቀጥሎም እንደ ዲክሎፌናክ ባሉ የሕመም ማስታገሻዎች እንደሚመጣ ታወቀ፤ ሁለቱ ሐኪሞችም በ2005 ኖቤል ተሸለሙ። በኢትዮጵያም ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋና ባልደረቦቻቸው ባክቴሪያውን በሕሙማን ላይ ያጠኑበት ጽሑፍ በ1996 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ወጥቷል።

ዛሬ ክፍለ ከተማው በሯጯ ጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልና የቂሊንጦ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ መገኛ ነው፤ ኦሜፕራዞልም ከየፋርማሲው እንደ ልብ ይገኛል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። መድኃኒቱ ሕመሙን ስለሚያደበዝዝ ሳይመረመር የጀመረው ሰው መንሥኤው ሳይታወቅለት ይቀራል፤ የሰገራ ምርመራው ባክቴሪያውን እንዳይስትም መድኃኒቱን ከሁለት ሳምንት በፊት ማቆም ያስፈልጋል። የደም ምርመራ ደግሞ የዳነውንም ሰው ታማሚ ሊያስመስል ይችላል፤ ሰውነት የሠራው ፀረ እንግዳ አካል በደም ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያልና። ባክቴሪያው ሲገኝ ኦሜፕራዞል ከሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ጋር በአብዛኛው ለ14 ቀን ይታዘዛል፤ ሰገራው የጠቆረ፣ የከሳ ወይም መዋጥ ያቃተው ሰው ግን ካሜራ በተገጠመለት ቀጭን ቱቦ፣ በኢንዶስኮፒ፣ መታየት አለበት። ለቃር ብቻ የታዘዘለት ሰው ከቁርስ በፊት 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይወስደዋል፤ ፓምፖቹ የሚነቁት ምግብ ሲመጣ ስለሆነ፣ ሲያቃጥል ብቻ ብድግ አድርጎ መዋጡ እምብዛም አይጠቅምም። ለወራት ሲወስድ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም አሲዱ ለጊዜው ከቀድሞው በርትቶ ይመለሳል፤ ብዙዎች ይህን በሽታው እንዳገረሸ ቆጥረው ወደ ክኒኑ ስለሚመለሱ፣ ሐኪሞች መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስን ይመርጣሉ።