ፊርማ ያለው ሁሉ የቲፋኒ አይደለም

እንደ ቀስተ ደመና የሚያብረቀርቅ የብርጭቆ አበባ ማስቀመጫ ውድ ዋጋ ከፍዬ የገዛሁት ከሥሩ «ኤል. ሲ. ቲ.» የሚል ፊርማ አይቼ ነበር፤ የአሜሪካዊው ሉዊስ ኮምፈርት ቲፋኒ መለያ መሆኑ ነው። በማጉያ መነጽር ሳየው ግን ፊርማው በአገልግሎት ብዛት የመጡትን ጭረቶች አቋርጦ ያልፋል። የተጻፈው ዕቃው ካረጀ በኋላ ነው ማለት ነው!

ቦሄሚያ፣ በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ፣ የነበረው የሎትዝ ፋብሪካ አብዛኛውን ሥራውን ያለ ፊርማ ነው የሸጠው። እንደ ክራሊክ ያሉ የአካባቢው ፋብሪካዎችም ተመሳሳይ ዕቃ ይሠሩ ስለነበር ማብረቅረቁ ብቻ አይበቃም። (ነጋዴዎች ግን ፊርማ የሌለውን ሁሉ «ሎትዝ» ይሉታል።) «ቼኮዝሎቫኪያ» የሚል ማኅተም ያለበት ከ1918 እ.ኤ.አ. በፊት አልተሠራም። ከሁሉ የሚሻለው ቅርጹንና ጌጡን ከሎትዝ በተረፉት ባለቁጥር የወረቀት ንድፎች ማመሳከር ነው። የኔው ከአንዱ ጋር ገጠመ፤ የሐሰት ፊርማው ግን አሁንም ከሥሩ አለ።