ዜና ማያት ዘሞንታፎን፦ የኢልቬርከ ኩባንያ ታሪክ

በኦስትሪያ ምዕራባዊ ጫፍ ከስዊዘርላንድና ከጀርመን ጋር በምትዋሰነው በፎራርልበርግ ክፍለ ሀገር፣ ኢል የሚባል ወንዝ ከሲልቭሬታ ተራሮች የበረዶ ግግር ሥር ይነሣና የሞንታፎንን ሸለቆ አቋርጦ ከራይን ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ወንዙ በርዝመቱ የሚጠቀስ አይደለም፤ ነገር ግን መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጉዞው ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚወርድ፣ ለኤሌክትሪክ ሥራ የሚፈለገውን ብርታት ያገኘው ከውሃው ብዛት ይልቅ ከአወራረዱ ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሀብስበርግ ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት በፈረሰ ጊዜ ፎራርልበርግ በእጅጉ ደኽይታ ነበርና፣ በሜይ 1919 (በዚህ ዜና የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ለሕዝበ ውሳኔ ከወጣው ሕዝቧ ከመቶ 80 የሚሆነው ከስዊዘርላንድ ጋር መቀላቀልን መረጠ፤ ምኞቱ ግን ሳይፈጸም ቀረ። ፎራርልበርግ ውሃና ቁልቁለት እንጂ የድንጋይ ከሰል አልነበራትም፤ ውሃውን ለማልማት የሚበቃ ገንዘብም በእጇ አልነበረም። ገንዘቡም ገበያውም በደቡብ ጀርመን በቩርተምበርግ ይገኝ ስለነበር፣ ክፍለ ሀገሩ ከዚያ ወገን ካሉ የኤሌክትሪክ ድርጅቶች ጋር ተዋውሎ በኖቬምበር 1924 የፎራርልበርግ ኢልቬርከ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ።

የኩባንያው የመጀመሪያ ሥራ ከፓርቴነን መንደር በላይ ያለውን የፈርሙንት ውሃ ገድቦ ከ700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ በብረት አሸንዳ ማውረድ ነበር፤ ጣቢያውም በ1930 ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት ከኮሎኝ አቅራቢያ ተነሥቶ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዘው የ220 ሺህ ቮልት ማስተላለፊያ መስመር፣ የራይንን የከሰል ማመንጫዎች በብሉደንትስ ከተማ በኩል ከአልፕስ ውሃ ጋር አገናኘ። በዚህ መስመር የተፈጸመውን ነገር ያላስተዋለ የቀረውን ታሪክ ሊረዳ አይችልም። የከሰል ማመንጫ እሳቱ አንዴ ከተቀጣጠለ ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ ቢሠራ ይመረጣል፤ ሕዝቡ ግን ሌሊት ተኝቶ ቀን ፋብሪካውን ያስነሣል፤ በረኃብ ዘመን እንደሚከፈት ጎተራም የጎደለውን በሚፈለግበት ሰዓት የሚሞላ ውሃ በተራራ ላይ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ኢልቬርከ ከጅምሩ የሸጠው ኃይልን ብቻ ሳይሆን ኃይል የሚገኝበትን ሰዓት ጭምር ነው ማለት ይቻላል።

በ1938 ኦስትሪያ በናዚ ጀርመን በተዋጠች ጊዜ፣ የጦር ፋብሪካዎች ኤሌክትሪክ ይሹ ስለነበር በዚያው ዓመት የሲልቭሬታ ግድብ ተጀመረ፤ በ1943ም የኦበርፈርሙንትና የሮዱንድ ጣቢያዎች ሥራ ጀመሩ። ግድቡ ከባሕር ጠለል በላይ 2,030 ሜትር ላይ የሚገኝ፣ 80 ሜትር ከፍታ ያለውና ከ38 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚበልጥ ውሃ የሚይዝ ነው፤ ይህ ልኩ በየመጽሐፉ ይጻፋል። በየቦታው ተማርከው የመጡ ወታደሮችና ከተያዙ አገሮች በግድ የተወሰዱ ሠራተኞች በዚያ ብርድና ከፍታ አሸዋና ሲሚንቶ እንደ ተሸከሙ ግን ከልኩ እኩል ሊጻፍ ይገባል። ሥራው ከጦርነቱ በኋላ በ1948 ተፈጸመ፤ ለግንባታው የተጠረገው መንገድም 34 ጠመዝማዛ ያለው ሆኖ ከ1954 ጀምሮ ቀረጥ የሚከፈልበት የመንገደኞች ጎዳና ሆነ።

ከዚህም በኋላ የኩባንያው ስም ከሁሉ በላይ የተጠራበት ሥራ በሉነርዜ ሐይቅ ተፈጸመ። ሉነርዜ ከባሕር ጠለል 1,970 ሜትር ላይ የተኛ የተፈጥሮ ሐይቅ ሲሆን፣ በ1958 በአፉ ላይ 28 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ተሠርቶ የሚይዘው ውሃ 78 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ደረሰ፤ ተራራ የሚወጡ ሰዎች ያርፉበት የነበረው የቀድሞው የዳግላስ ቤትም በውሃው ተውጦ ሌላ በምትኩ ተሠራ። በሐይቁ ውሃ የሚሠራው ጣቢያ ውሃን መልሶ በመግፋት የሚያከማች ዓይነት ነው፤ ይኸውም ኃይል በሚተርፍበት ሰዓት ከሌላ ማመንጫ በመጣ ኤሌክትሪክ ፓምፖችን አንቀሳቅሶ ከታች ያለውን ውሃ ወደ ላይኛው ሐይቅ ይገፋል፤ ኃይል በሚጎድልበት ሰዓት ደግሞ ያንኑ ውሃ በተርባይን ላይ አውርዶ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በሉነርዜ በሐይቁና በማመንጫው ቤት መካከል ያለው ከፍታ 970 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ሲወርድ ከ2 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይሰጣል። ለማውጣት የሚጠፋው ግን ከዚያ ይበልጣል፤ ወደ ላይ ከወጣው ኃይል ተመልሶ የሚገኘው ከመቶ 75 እስከ 80 ነውና። አንዳንዶች ይህን እንደ ብክነት ይቆጥሩታል፤ ነገር ግን የሌሊቱ ኃይል ርካሽ፣ የቀኑ ውድ በነበረበት ዘመን ሒሳቡ አትራፊ ነበር።

በ1960ዎቹ 122 ሜትር ከፍታ ያለው የኮፕስ ግድብ፣ በ1976ም ሁለተኛው የሮዱንድ ጣቢያ ተጨመሩ። የኩባንያው ባለቤትነት ግን ከጦርነቱ በኋላ በወጣው የ1947 የመወረሻ ሕግ ወደ ፌዴራሉ መንግሥት አድልቶ ነበርና፣ ክፍለ ሀገሩ በ1995 የፌዴራሉን መንግሥት ድርሻ ገዝቶ ከመቶ 95 በላይ በእጁ እስኪያስገባ ድረስ የገዛ ውሃው ዋና ጌታ አልነበረም።

ከ2004 እስከ 2008 በተራራ ውስጥ የተሠራው ሁለተኛው የኮፕስ ጣቢያ በአሠራሩ ልዩ ነው። በውስጡ በድምሩ 525 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሦስት ማሽኖች አሉ፤ በእያንዳንዳቸውም ተርባይን፣ ሞተርም ጄኔሬተርም የሚሆነው ማሽንና ፓምፕ በአንድ ቁም ዘንግ ላይ ተያይዘዋል። በፊት ከራይን ከሰል ይመጣ የነበረው ትርፍ ኃይል በዚህ ዘመን ከሰሜን ጀርመን ነፋስና ከፀሐይ ሰሌዳዎች መምጣት ጀምሮ ነበር። የድሮ ፓምፕ ወይ ሙሉ ኃይል ይወስዳል፣ ወይ ይቆማል፤ የነፋስ ኃይል ግን በየደቂቃው ይለዋወጣል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ፓምፑ ከሚገፋው ውሃ ከፊሉ ወደ ላይ ሳይወጣ እዚያው ወደ ተርባይኑ እንዲዞር አደረጉ፤ ለምሳሌ ፓምፑ 150 ሜጋ ዋት ቢፈልግና በመስመሩ ላይ የተረፈው 60 ብቻ ቢሆን፣ የጎደለውን 90 ተርባይኑ በዘንጉ ላይ ይጨምራል። ውሃን በክብ ማዞር ሞኝነት ቢመስልም፣ በመስመሩ ላይ የተረፈውን በልኩ ለመቀበል ያስቻለው ይኸው ብልሃት ነው።

በጁላይ 2009 በሁለተኛው የሮዱንድ ጣቢያ እሳት ተነሥቶ ማሽኑን ስላወደመው፣ ጣቢያው ታድሶ ወደ ሥራ የተመለሰው በ2011 መጨረሻ ነው። በ2018 ደግሞ 360 ሜጋ ዋት ያለው ሁለተኛው የኦበርፈርሙንት ጣቢያ ሥራ ጀመረ። በ2019 ኩባንያው ለክፍለ ሀገሩ ቤቶችና ፋብሪካዎች ኤሌክትሪክ ከሚያከፋፍለው እህት ድርጅት ጋር ተዋሕዶ አንድ ስም ያዘ፤ ከዚያም ወዲህ በሉነርዜ ሐይቅ ውሃ የሚሠራ፣ ኃይሉ እስከ 1,000 ሜጋ ዋት የሚደርስ ሌላ ጣቢያ ለማቆም ዕቅድ አውጥቷል።