የተሽከርካሪ ፍሬን በብርድና በእርጥበት ሲይዝ፦ በመተማ – ጎንደር መስመር ለሚጓዙ አሽከርካሪዎችና ባለንብረቶች የተዘጋጀ መረጃ

ፍሬን ያዘ ወይም ነከሰ የሚባለው አሽከርካሪው ፔዳሉን ለቆ ወይም የእጅ ፍሬኑን አውርዶ ሳለ የፍሬኑ ሸራ ከታምቡሩ፣ ፓዱም ከዲስኩ ሳይላቀቅ ሲቀር ነው። ችግሩ በአብዛኛው የሚታየው ተሽከርካሪው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ ማለዳ ላይ ነው። የያዘ ፍሬን ራሱ የሚያስከትለው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የጉዞ መዘግየት ነው። ለሕይወትና ለንብረት ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ፍሬኑን ለማላቀቅ በችኮላ የሚወሰደው እርምጃ ነው። ይህ መረጃ የችግሩን መንስኤ፣ ምልክቶቹንና በየደረጃው ሊወሰዱ የሚገባቸውን እርምጃዎች ያብራራል።

1. ችግሩ በዚህ መስመር ላይ ለምን ይከሰታል?

በምዕራብ ጎንደር ቆላማ አካባቢዎች፣ ማለትም በመተማ ዮሐንስ፣ በገንዳ ውሃና በቋራ፣ የአየሩ ሙቀት በበጋው መጨረሻ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊበልጥ ይችላል። በእነዚህ ቦታዎች ውኃ የሚረጋበት ብርድ የለም። ይሁን እንጂ ከመተማ ዮሐንስ ተነስቶ ሰሊጥ፣ ጥጥ ወይም ሌላ ጭነት ይዞ የሚወጣ ተሽከርካሪ በጭልጋ (አይከል) በኩል ወደ አዘዞና ጎንደር ሲደርስ ከ1,000 ሜትር በታች ከሆነ ቆላ ከ2,000 ሜትር በላይ ወደሆነ ከፍታ ይሸጋገራል። ጉዞውን ወደ ዳባትና ደባርቅ የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ይወጣል።

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀንሳል። በመሆኑም አንድ ተሽከርካሪ ረፋዱን በቆላው ሙቀት ተጭኖ ማታውን ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ውርጭ በሚጥልበት ደጋ ሊያድር ይችላል። በቆላው ወደ ፍሬን ክፍሎች የገባ እርጥበት ችግር የሚፈጥረው በደጋው ብርድ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው ብርድ ባለበት ቦታ ሳይሆን ተሽከርካሪው ከቆላው ከመነሳቱ በፊት መጀመር አለበት።

2. ዋና ዋና መንስኤዎች

• ዝገት፦ በክረምት ዝናብ፣ በጎርፍ መሻገሪያ ወይም በዋልካ ጭቃ የረጠበ ታምቡር የእጅ ፍሬኑ እንደተሳበ ለቀናት ከቆመ ሸራው ከብረቱ ጋር በዝገት ይጣበቃል። ይህ በቆላውም ሆነ በደጋው የሚያጋጥም ነው።

• በሞቀ ፍሬን ላይ የእጅ ፍሬን መሳብ፦ ረጅም ቁልቁለት የወረደ ተሽከርካሪ ታምቡር በሙቀት ይሰፋል። በዚህ ጊዜ የእጅ ፍሬን ከተሳበ ታምቡሩ ሲቀዘቅዝ እየጠበበ ሸራውን አንቆ ይይዘዋል።

• በአየር ታንክ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ፦ በከባድ ተሽከርካሪዎች ኮምፕሬሰሩ የሚስበው እርጥበት አዘል አየር ታንኩ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ወደ ውኃነት ይለወጣል። ውኃው በቫልቮችና በቀጭን ቱቦዎች ገብቶ ከረጋ አየሩ እንዳይተላለፍ ያግዳል።

• የአየር ግፊት ማነስ፦ የከባድ ተሽከርካሪ የማቆሚያ ፍሬን የሚሠራው በጠንካራ ሞላ (ስፕሪንግ) ነው። ሞላውን የሚያላቅቀው የአየር ግፊት በመሆኑ፣ አየር ሌሊቱን ካፈሰሰ ፍሬኑ ይዞ ያድራል።

• ተገቢ ያልሆነ ወይም ያረጀ የፍሬን ዘይት፦ በፍሬን ዘይት ምትክ የሞተር ዘይት ከተጨመረ የጎማ ማኅተሞቹ አብጠው ፍሬኑ እንዳይመለስ ያደርጋሉ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ባሕርይም አለው። በመስፈርቱ መሠረት ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባላነሰ ሙቀት ሲሆን፣ ውኃ ከሳበ በኋላ ግን በ140 ዲግሪ ገደማ ሊፈላ ይችላል። ዘይቱ በቁልቁለት ላይ ከፈላ ፔዳሉ ወለሉን እስኪነካ ይወርዳል፤ ፍሬኑም አይሠራም።

3. ምልክቶች

ተሽከርካሪው ሲነሳ ከከበደ፣ መሪው ወደ አንድ ጎን ከሳበ፣ የተቃጠለ ሽታ ወይም ጭስ ከጎማ አካባቢ ከወጣ፣ ወይም አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ይልቅ ከሞቀ ፍሬኑ እየያዘ መሆኑን ያመለክታል። ሙቀቱን ለማወቅ እጅን ሳያስነኩ በቅርብ ርቀት ይዞ የግራውንና የቀኙን ማነጻጸር ይቻላል። ብረቱን በባዶ እጅ መንካት ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል።

4. በቀላል ተሽከርካሪ ላይ የሚወሰዱ እርምጃዎች

ሀ. ከሁሉ አስቀድሞ በጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ ያድርጉ። ፍሬኑ በድንገት ሲለቅ ተሽከርካሪው ሊንከባለል ይችላል።

ለ. ሞተሩን ያስነሱ፤ ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡና ይልቀቁ። የእጅ ፍሬኑንም ጥቂት ጊዜ እየሳቡ ያውርዱ።

ሐ. ሜዳ በሆነ ቦታ፣ ሰው በፊትም በኋላም አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ታኮውን አንስተው በአንደኛ ማርሽ በዝግታ ወደፊት፣ ቀጥሎም በኋላ ማርሽ ጥቂት ለመንቀሳቀስ ይሞክሩ። በዝገት ብቻ የተጣበቀ ሸራ በዚህ ሙከራ ሊላቀቅ ይችላል።

መ. ጎማው ሳይዞር የሚንሸራተት ከሆነ ነዳጅ በመጨመር አያስገድዱ። ሸራው ከመሠረቱ ሊላጥ ወይም የማስተላለፊያ ክፍሎች ሊሰበሩ ስለሚችሉ መካኒክ ይጥሩ።

ሠ. ፍሬኑ ከለቀቀ በኋላ ከመንገድ ከመውጣትዎ በፊት በዝቅተኛ ፍጥነት ደጋግመው በመያዝ በትክክል መሥራቱን ያረጋግጡ።

5. የአየር ፍሬን ባላቸው ከባድ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚወሰዱ እርምጃዎች

ታኮ ካደረጉ በኋላ ሞተሩን አስነስተው የግፊት መለኪያው አምራቹ ያመለከተው መጠን እስኪደርስ ይጠብቁ። ግፊቱ የማይሞላ ከሆነ ችግሩ የአየር መፍሰስ ወይም የኮምፕሬሰር ብልሽት ሊሆን ይችላል። ግፊቱ ሞልቶ አንድ ጎማ ብቻ የማይለቅ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ በዚያ ጎማ ቫልቭ፣ ቱቦ ወይም ሸራ ላይ ሊሆን ስለሚችል ምርመራው ከዚያ ይጀመራል። ውኃ እንደረጋ ከተጠረጠረ ፀሐይ እስኪሞቅ መጠበቅ ከማንኛውም የማስገደድ ሙከራ የተሻለ ነው።

በአንዳንድ ጊዜ ሞላውን በብሎን አስሮ ፍሬኑን በማላቀቅ ጉዞ የመቀጠል ልማድ ይስተዋላል። ይህ ዘዴ የሚፈቀደው ተሽከርካሪው በሌላ ኃይል ተይዞ ወደ ጥገና ቦታ እንዲጎተት በባለሙያ ሲደረግ ብቻ ነው። ሞላው የታሰረ ጎማ የማቆሚያ ፍሬን የለውም፤ አየር ቢያልቅም በራሱ አይዝም። ጭነት የያዘ ተሽከርካሪ በዚህ ሁኔታ የሊማሊሞን ወይም የዓባይን በረሃ ቁልቁለት ቢጀምር በአደጋ ጊዜ የሚያስቆመው መጠባበቂያ አይኖረውም።

6. ፈጽሞ ሊደረጉ የማይገባቸው

• ከተሽከርካሪው ሥር እሳት፣ ከሰል ወይም የሚነድ ጎማ ማስቀመጥ፤ የአየር ቱቦን፣ የነዳጅ ታንክንና ጭነትን ያቀጣጥላል።
• በጋለ ታምቡር ወይም ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ፤ ብረቱን ይሰነጥቃል።
• በቀዘቀዘ ፍሬን ላይ የፈላ ውኃ ማፍሰስ፤ ውኃው ውስጥ ቀርቶ እንደገና ሊረጋ ወይም ዝገትን ሊያባብስ ይችላል።
• በሸራ፣ በፓድ ወይም በዲስክ ላይ ዘይት ወይም ግራሶ መቀባት፤ ፍሬኑ ለቀቀ ቢመስልም በሚያስፈልግበት ጊዜ አይዝም።
• አምራቹ ያልፈቀደውን አልኮል ወይም ሌላ ፈሳሽ በአየር ቱቦ ውስጥ መጨመር፤ የጎማ ማኅተሞችን ያበላሻል።
• በክሪክ ብቻ በተነሳ ተሽከርካሪ ሥር መግባት።

7. አስቀድሞ የሚደረግ ጥንቃቄ

ከመተማ ወይም ከገንዳ ውሃ ወደ ደጋ ከመነሳት በፊት፦ የአየር ታንኮችን ማፍሰሻ ከፍቶ ውኃውን ማስወጣት ያስፈልጋል። ይህ ተሽከርካሪው ቆሞ ታኮ ከተደረገለት በኋላ በየዕለቱ ሊከናወን ይገባል። የአየር ማድረቂያ ያለው ተሽከርካሪም ማጣሪያው በወቅቱ ካልተቀየረ ከችግሩ አያመልጥም። ከማፍሰሻው ውኃ በብዛት መውጣቱ ማድረቂያው መፈተሽ እንዳለበት ምልክት ነው።

ውኃ ወይም ጭቃ ከተሻገሩ በኋላ፦ የትራፊኩን ሁኔታ አይተው በዝግታ እየሄዱ ፍሬኑን ደጋግመው በቀላሉ በመርገጥ ያድርቁት። ፍሬኑ እንደረጠበ ተሽከርካሪውን አያሳድሩ።

ከአይከል ወደ ቆላው ሲወርዱ፦ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ ያስገቡ፤ ፍጥነቱ በሞተሩ ኃይል ይገታ። ፍሬንን ያለማቋረጥ ረግጦ መውረድ ሸራውን ያግላል፤ የመያዝ አቅሙንም ያሳጣል።

ሲያቆሙና ሲያሳድሩ፦ ፍሬኑ ከጋለ፣ ወይም ረጥቦ ሌሊቱ ውርጭ የሚጥል ከሆነ ሜዳ ቦታ መርጠው በታኮ ያስጠብቁ። ቀላል ተሽከርካሪን በማርሽ ይተዉ፤ የእጅ ፍሬኑንም ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ወይም እስኪደርቅ ድረስ አይሳቡ። በተዳፋት ላይ ግን ያለ ማቆሚያ ፍሬን ተሽከርካሪን ትቶ መሄድ አይገባም።

8. የባለንብረት ኃላፊነትና የቴክኒክ ምርመራ

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየጊዜው የቴክኒክ ምርመራ እንዲደረግላቸው ያስፈልጋል። ፍሬንም ከሚመረመሩት ዋና ዋና ክፍሎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ምርመራውን ማለፍ ተሽከርካሪው በዕለቱ የነበረበትን ሁኔታ ብቻ የሚያሳይ በመሆኑ ባለንብረቱን ከዕለታዊ ክትትል ነጻ አያደርገውም።

ወደ ጋራዥ ሲሄዱ ፍሬኑ የያዘበትን ቦታ፣ ሰዓት፣ የአየሩን ሁኔታና የትኛው ጎማ እንደሆነ ለመካኒኩ በዝርዝር ያስረዱ። ሸራ ወይም ፓድ ሲቀየር የአንድ አክስል ግራና ቀኝ በአንድነት መቀየሩን፣ የፍሬን ዘይቱ ዓይነትም በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ከተጻፈው ጋር መመሳሰሉን ያረጋግጡ። የተሠራውን ሥራ የሚገልጽ ደረሰኝ ይያዙ።

የንብረቱ ባለቤት አሽከርካሪው ካልሆነ፣ ፍሬኑ መያዙን የገለጸ አሽከርካሪ ለጭነቱ መድረሻ ሰዓት ሲባል ጉዞ እንዲቀጥል ሊገደድ አይገባም። ተሽከርካሪው መንገድ ላይ ከቆመም የማስጠንቀቂያ ምልክት ከፊትና ከኋላ በበቂ ርቀት በማስቀመጥ በአቅራቢያ ለሚገኝ የትራፊክ ፖሊስ ማሳወቅ ይገባል።