ስማርት ሽጉጥ
ስማርት ሽጉጥ የሚባለው፥ የባለቤቱን የጣት አሻራ ወይም የፊቱን መልክ መርምሮ፥ አለዚያም በእጁ ካሰረው ሰዓት በሬዲዮ ሞገድ የሚላክለትን ምልክት ተቀብሎ፥ የያዘው ሰው የተፈቀደለት መሆኑን ካላረጋገጠ በቀር፥ ቃታው ቢሳብ እንኳ የማይተኩስ መሣሪያ ነው። የ«ስማርት» ትርጓሜ ብልህ ማለት ቢሆንም፥ ልቡናና ሕሊና ለሰው የተሰጡ ጸጋዎች ናቸውና፥ መሣሪያው ባለቤቱን ከባዕድ ይለያል እንጂ ጽድቅን ከኃጢአት አይለይም፤ ስለዚህ ሕፃንን ከድንገተኛ ሞት ሊያድን ሲችል፥ የባለቤቱን ቁጣ ግን አይገታም። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት፥ እንዲህ ያለው ሽጉጥ ለገበያ ከቀረበ በኋላ ሌላ ዓይነት ሽጉጥ እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ2002 የደነገገውን ሕግ፥ ብርቱ ተቃውሞ ስለ ገጠመው፥ በ2019 አሻሽሎታል። አንባቢ ሆይ፥ መሣሪያ ካለህ፥ ብልህነቱን ከብረቱ ሳትጠብቅ፥ ቆልፈህ ከልጆች አርቀው።