ቋንቋችን ሲጎድል ማሽኑ ለምን አይጮህም?

አንድ ዌብሳይት ከፍታችሁ ርዕሱ በአማርኛ፣ ቁልፎቹ ግን በእንግሊዝኛ ሆነው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ላይ «እንኳን ደህና መጡ» ይላል፤ ትንሽ ወረድ ስትሉ ፎርሙ ሁሉ በፈረንጅ አፍ ነው። ብዙ ሰው «ተርጓሚው ሰንፎ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ግን የራሱ ታሪክ አለው። ኮምፒውተር ያልተማራችሁም አትሽሹ፣ ታሪክ ነው የማወራችሁ።

ድሮ ፕሮግራም ሲጻፍ ለሰው የሚታዩት ቃላት ኮዱ ውስጥ ተቸንክረው ነበር። ወደ ሌላ ቋንቋ ለመመለስ ፕሮግራመሩ ኮዱን ከላይ እስከ ታች እየፈተሸ ቃላቱን መቀየርና ፕሮግራሙን እንደገና መገንባት ነበረበት። ሁለት ቋንቋ ማለት ሁለት ፕሮግራም ይዞ መኖር ማለት ነው። አንዱ ላይ የታረመ ስህተት ሌላው ላይ ይረሳል።

መፍትሔው ቃሉን ከሥራው መለየት ሆነ። አፕል በ1984 እ.ኤ.አ. ማኪንቶሽን ሲያወጣ፣ ብሩስ ሆርን የሠራው አሠራር ሜኑውን፣ መልእክቱንና ሥዕሉን ከኮዱ ነጥሎ «ሪሶርስ» በሚባል ክፍል አስቀመጠ። ስለዚህ ተርጓሚው ኮዱን ሳይነካ ቃላቱን ብቻ መቀየር ቻለ።

ፋይሎቹ ሲበዙ ግን ሌላ ጥያቄ መጣ፦ ፕሮግራሙ የትኛውን ያንሳ? በ1997 የወጣው ጃቫ 1.1 ስሙን ራሱን አድራሻ አደረገው። በፋይሉ ስም ላይ መጀመሪያ የቋንቋው ምልክት ይጨመራል፣ ቀጥሎ የአገሩ። ለአማርኛ «ኤኤም»፣ ለኢትዮጵያ «ኢቲ»። ሁለቱ ለምን ተለያዩ? ትግርኛን አስቡት። ቋንቋው አንድ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ገንዘቡ ብር ነው፣ ኤርትራ ውስጥ ናቅፋ። የጋራው በትግርኛ ፋይል ይቀመጣል፣ የሚለያየው ብቻ በአገሩ ፋይል።

ፍለጋው እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ «አማርኛ፣ ኢትዮጵያ» የሚለውን ፋይል ይፈልጋል። ካጣ «አማርኛ» ብቻ የሚለውን። እሱንም ካጣ ማሽኑ ራሱ የተስተካከለበትን ቋንቋ ያያል። ሰርቨሩ ጀርመንኛ ላይ ተስተካክሎ የጀርመንኛ ፋይል ካለ፣ አማርኛ የጠየቀው ሰው ጀርመንኛ ይቀርብለታል! ያም ከሌለ ምልክት የሌለውን የመሠረት ፋይል ይወስዳል። የአማርኛው ፋይል ተገኝቶ አንድ መስመር ብቻ ከጎደለበት ደግሞ ያቺን መስመር ከመሠረቱ ይበደራል። መሠረቱ አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። ያ ግማሽ በግማሽ የሆነው ገጽ የሚወለደው እዚህ ጋ ነው።

አሠራሩ ደግ ነው፣ አንድ ቃል ጠፋ ብሎ ገጹን አይዘጋም። ግን ደግነቱ ጉድለቱን ይሸፍናል። ማንም ሳያውቅ «ሰርዝ» የሚለው ቁልፍ በእንግሊዝኛ ይቀራል። ከዚያ ፎርሙን ስትሞላ የቆየች እናት «አስቀምጥ» መስሏት ትጫነዋለች፤ የሞላችው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል።

በእኛ ላይ ደግሞ የፊደል ጣጣ ተጨመረ። ግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት አንዱ የግዕዝ ሶፍትዌር የጻፈውን ሌላው ሲከፍተው ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆን ነበር። ከገባ በኋላም የጃቫ የቃላት ፋይል በተለመደው መንገድ የሚያነበው የምዕራብ አውሮፓን ፊደል ብቻ ነበር። «ሀ»ን ለመጻፍ ቁጥሯን፣ 1200ን፣ ከፊቷ ሁለት ምልክት ጨምሮ ማስገባት ያስፈልጋል። «ሰላም» የምትለዋ ባለ ሦስት ፊደል ቃል 18 ምልክት ትሆናለች! ቀያሪ መሣሪያ ነበረ፤ ግን ፋይሉን ከፍቶ ማንበብና ማረም የሚችል የአማርኛ መምህር ከየት ይመጣል? ይህ የተፈታው በ2017 ጃቫ 9 ሲወጣ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ፊደሉ አለ፣ ፋይሉም ይነበባል። የቀረው ሁለት ዝምታ ነው። አንዱ የሠሪዎቹ ነው። ሶፍትዌር ላይ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ሥራችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት የመሠረቱን ፋይልና የአማርኛውን ወይም የኦሮምኛውን መስመር በመስመር የሚያመሳክር ፍተሻ አስገቡ። መስመር ሲጎድል ማሽኑ እናንተ ላይ ይጩህ፣ እናት ላይ አይደለም። ቋንቋ ያጠናችሁትም ትርጉሙን ለፕሮግራመር ብቻ አትተዉት፣ ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው።

ሁለተኛው ዝምታ የሁላችንም ነው። ብራውዘራችን ገጽ በጠየቀ ቁጥር «ባለቤቴ የሚፈልገው ይህን ቋንቋ ነው» የሚል መልእክት አብሮ ይልካል። ብዙዎቻችን ስልካችንን እንግሊዝኛ ላይ አድርገነዋል። የአማርኛው ፋይል ተዘጋጅቶ ቢቀመጥም እንኳ ሰርቨሩ ጠያቂ አላየም፣ ስለዚህ እንግሊዝኛውን ያመጣል።

እስቲ አሁኑኑ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቋንቋችሁን በዝርዝሩ አንደኛ አድርጉትና የምትጠቀሙባቸውን ገጾች እንደገና ክፈቱ። የትኛው ተቀየረ? የትኛው ግማሽ በግማሽ ቀረ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። መልካም ሰንበት!