የናይሮቢ ማታቱ በኮምፒውተር ጌም ውስጥ፦ ምስሉ ሲያምር ጌሙ ለምን ይዘጋል?

የናይሮቢ ማታቱዎች በደማቅ ቀለምና በታዋቂ ሰዎች ምስል ያጌጡ ናቸው። ኬንያውያን ጌም ወዳጆች እነዚህን ተሽከርካሪዎች እንደ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ እና ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 ባሉ የኮምፒውተር ጌሞች ውስጥ ማስገባት ከጀመሩ ቆይተዋል። ከጌሙ አምራች ውጭ ያሉ ሰዎች የሚያደርጉት እንዲህ ያለ ለውጥ 'ሞድ' ይባላል።

ጣጣው የሚመጣው ምስሉን እጅግ ጥርት አድርጎ ለማሳየት ሲሞከር ነው። አዲሱ ማታቱ ለጥቂት ደቂቃዎች ይሽከረከርና ጌሙ በድንገት ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ጥፋቱን በራም ማነስ ያሳብባሉ፤ የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች ከተደረደሩበት የሉቱሊ ጎዳና ተጨማሪ ራም ገዝተው ይገጥማሉ። ጌሙ ግን መዘጋቱን አይተውም።

ሳን አንድሪያስ ለኮምፒውተር የቀረበው በአውሮፓውያኑ 2005 ሲሆን የተሠራው በ32 ቢት ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሊደርስበት የሚችለው ማህደረ ትውስታ ከ4 ጊጋ ባይት አያልፍም፤ ዊንዶውስም በተለመደው አሠራሩ ግማሹን ብቻ ይለቅለታል። ኮምፒውተሩ 16 ጊጋ ባይት ራም ቢኖረው ለጌሙ የሚጨምርለት ነገር የለም። በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ በጌሙ ማስጀመሪያ ፋይል ውስጥ ያለችን አንዲት ምልክት በመቀየር 4ቱን ጊጋ ባይት ሙሉ መጠቀም ይቻላል። በ2011 የወጣው ስካይሪምም ይኸው ችግር ነበረበት፤ አምራቹ በዚያው ዓመት ወሰኑን ከፍ ካደረገ በኋላ በ2016 ጌሙን በ64 ቢት አሳትሞታል። ሳን አንድሪያስ ከዚህም የጠበበ በር አለው፦ በጉዞ ላይ ሞዴሎችንና ምስሎችን ለመጫን የተመደበለት ቦታ 50 ሜጋ ባይት ያህል ብቻ ነው። እሱ ሲሞላ መንገዶችና ሕንፃዎች ከዓይን ይሰወራሉ።

የምስሎቹን ክብደት በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ወርዱም ቁመቱም 1,024 ነጥብ የሆነ ያልታመቀ ምስል 4 ሜጋ ባይት ይይዛል። ጎኑ ወደ 4,096 ሲያድግ ክብደቱ 64 ሜጋ ባይት ይደርሳል፤ ጎኑ በ4 እጥፍ፣ ክብደቱ በ16 እጥፍ ማለት ነው። ለማታቱው ግራ፣ ቀኝ፣ ኋላና ውስጥ አራት እንዲህ ያሉ ምስሎች ከተዘጋጁ አንድ ተሽከርካሪ ብቻውን 256 ሜጋ ባይት ይወስዳል። በዲስክ ላይ ያለው የፋይል መጠን ደግሞ ያታልላል፤ ትንሽ የሚመስል የጄፔግ ፎቶ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ሲገባ ተዘርግቶ ሙሉ ክብደቱን ይይዛል። ለግራፊክስ ካርድ ተብለው የተዘጋጁት የማመቂያ ዓይነቶች ግን እዚያም ውስጥ ታምቀው ስለሚቆዩ ክብደቱን ወደ ሩብ፣ ግልጽነት ለሌለው ምስል ደግሞ ወደ ስምንተኛ ያወርዱታል። በፍጥነት እያለፈ ያለን ማታቱ በ2,048 መሥራትም ለዓይን እምብዛም አይጎድልም።

ከውጭ አገር ቢሮዎች ተገልግሎባቸው የሚመጡት ርካሽ ኮምፒውተሮች ብዙውን ጊዜ የራሳቸው የግራፊክስ ካርድ የላቸውም። ምስሉ ከዋናው ራም ስለሚቆረስ፣ ራም መጨመር የሚጠቅመው እንዲያውም እዚህ ላይ ነው፤ ከአንድ 8 ጊጋ ባይት ይልቅ ሁለት ባለ 4 መግጠም ፍጥነቱን ያሻሽላል። ጥላን፣ ነጸብራቅንና የእይታ ርቀትን መቀነስም ጫናውን ያቃልላል።

ሞድ ከመጫኑ በፊት የጌሙን ማህደር መቅዳት፣ ከዚያም አንድ በአንድ ጨምሮ መሞከር ጌሙን የሚዘጋው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ያስችላል። አሥር ሞድ በአንድ ጊዜ የጫነ ሰው የሚቀረው አማራጭ ሁሉንም አጥፍቶ ከመጀመሪያው መጀመር ነው።