የመሸበት እንግዳና ያሳደረው

«የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል መንገደኛው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ። «ቤት የእግዜር ነው፤ ግቡ» ይላል ባለቤቱ ከውስጥ። ይህ ምልልስ በላስታ ደጋ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲወርድ ኖሯል። ላስታን ለውጭው ዓለም ካስተዋወቁት መጻሕፍት ጥቂት የማይባሉት የተጸነሱት፣ እግሩ የዛለ እንግዳ በማያውቀው ሰው ጎጆ፣ ከምድጃው ዳር ባደረባቸው ሌሊቶች ነው። እንግዳው ስሙን በመጽሐፉ ሽፋን ላይ አስፍሯል። ያሳደረው ሰው ስም ግን ወዴት አለ?

እስቲ ወደ ኋላ እንመልከት፤ ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከአውሮፓውያን ወገን የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ በመጽሐፍ የገለጸው የመጀመሪያው ሰው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ምጽዋ ደረሰ፤ ስድስት ዓመት በአገራችን ቆየ፤ መጽሐፉም በ1540 ሊዝቦን ላይ ታተመ። ከአለት ስለተፈለፈሉት ሕንጻዎች ከጻፈ በኋላ፣ አንባቢ አያምነኝም ብሎ ስለ ሰጋ፣ የጻፈው እውነት ስለ መሆኑ በእግዚአብሔር ስም ምሏል። ይህ መሐላ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የመልእክተኞቹን ጓዝ ከአገር አገር ተሸክመው ያሻገሩት፣ እንጀራውን ያቀረቡት ባላገሮች ግን እንዲሁ «የአገሩ ሰዎች» ተብለው አልፈዋል።

አልቫሬዝ የንጉሥ መልእክተኞች ባልደረባ ነበር። ወጣቶች የጀርባ ሻንጣ አንግበው፣ በጥቂት ገንዘብ አገር ለአገር የሚዞሩበት ልማድ የተስፋፋው ግን በ1960ዎቹ ነው። በዚያ ዘመን ላስታን በእግራቸው ካቋረጡት አንዷ አየርላንዳዊቷ ዴርቭላ መርፊ ናት። የታመመች እናቷን ለመርዳት በ14 ዓመቷ ትምህርቷን ያቋረጠች፣ በ1963 ደግሞ ከአየርላንድ እስከ ሕንድ በብስክሌት የተጓዘች ሴት ነበረች። በ1966 መጨረሻ ምጽዋ ወረደች። ጆክ ብላ የሰየመችውን በቅሎ እየጎተተች በትግራይ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በጎንደርና በላሊበላ በኩል አዲስ አበባ ገባች። ሆቴል በሌለበት ሁሉ በባላገር ጎጆ አደረች፤ ጠላ ተቀዳላት፣ እንጀራ ቀረበላት፣ ቁንጫም በላት። በመንገድ ሽፍታ ዘረፋት፤ ባላገር ደግሞ መገባት። ማታ ማታ የጻፈችው የዕለት ማስታወሻ በ1968 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። እርሷም በ2022 በ90 ዓመቷ አረፈች።

ይህን የማነሣው መንገደኞቹን ለመውቀስ አይደለም። አንድ ሌሊት አድሮ ማለዳ የሚነሣ ሰው የሁሉን ስም ይዞ ሊሄድ አይችልም። ነገሩ ያለው ብዕሩ በማን እጅ ነበር በሚለው ላይ ነው።

የእኛን መንገደኞች ታሪክ ስናይ ይህ ይበልጥ ይገለጣል። መነኮሳቶቻችን ስንቃቸውን ቋጥረው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም አልፈው እስከ ሮም ይጓዙ ነበር። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ማረፊያቸው ሆነ። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በዚያች ከተማ የኢትዮጵያውያንን ዜማ ሰማ፤ ከመነኩሴው ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ግእዝ ተማረ፤ በ1513ም መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ። በዓለም ላይ በማተሚያ የወጣ የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍ ይህ ነው። ያ ድሃ መንገደኛ ስሙ የተረፈው፣ ከተማው ውስጥ ብዕር የያዘ ሰው ስላገኘው ነው።

በላስታም ብዕር አልጠፋም ነበር። አባቶቻችን የርስትና የጉልት ስጦታን ከነምስክሮቹ በወንጌል ኅዳግ ላይ ይጽፉ ነበር። እንግዳ ማሳደር ግን ለእግዚአብሔር የሚደረግ ነውና በጽሑፍ ሊቆጠር የሚገባው ሆኖ አልታየም። ከላሊበላ በስተሰሜን፣ በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ የብዙ ሰዎች አጽም ይታያል። ትውፊቱ ከሩቅ አገር የመጡ ምዕመናን ናቸው ይላል። ማን ተቀበላቸው? ማን ውኃ አጠጣቸው? አጽሙ አይናገርም፤ ብራናውም ዝም ብሏል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ዝምታ ዛሬም እንዲቀጥል ልንፈቅድ አይገባም። ከ2003 ጀምሮ በመቄት ወረዳ ባላገሩ ራሱ ጎጆ ሠርቶ የእግር መንገደኞችን የሚያሳድርበትና ገቢውን ለማኅበሩ የሚያውልበት ሥራ ተጀምሮ ነበር፤ ያን ጊዜ ማሳደር ለደጁ ሰው መተዳደሪያም ሆነ። ከዚያ በኋላ በ2020 ወረርሽኙና የሰሜኑ ጦርነት፣ በ2021 ላሊበላን የደረሰው ውጊያ፣ ከ2023 ወዲህም በክልሉ የተነሣው ግጭት ተከታትለው መጡ። እንግዳ በቀረባቸው በእነዚያ ዓመታት የተጎዳው የአስጎብኚውና የባለ በቅሎው ኪስ ብቻ አይደለም፤ እንግዳ ሲመጣ ይነሣ የነበረው ጨዋታና ትዝታም አብሮ ተቀዛቅዟል።

በ1960ዎቹ ለፈረንጅ መንገደኛ በር የከፈተች ወጣት ሙሽራ ዛሬ የሰማንያ ዓመት አሮጊት ናት። እንግዳው ምን እንደ በላ፣ በምን ቋንቋ እንደ ተግባቡ፣ ልጆቹ በምኑ እንደ ሳቁበት፣ ሲሄድ ምን ብላ እንደ መረቀችው የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት። የእንግዳውን ትዝታ በለንደን መደርደሪያ እናገኘዋለን። የእርሷን ግን የልጅ ልጇ ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ ካልጠየቃትና ካልጻፈው በቀር፣ የትም አናገኘውም።